ለፈረሰ ቤት አርክቴክት ምን ያደርጋል?

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይህን ጥያቄ የለጠፈው ልጅ ስሙን አልጻፈም። ከወልድያ በላይ ካለች አነስተኛ ከተማ መሆኑን ብቻ ነው የነገረን። በጦርነቱ ጊዜ የአባቱ ቤት ተቃጥሏል። ቆርቆሮው ተነቅሎ ሄዷል፤ ከድንጋይ ግድግዳው የቀረው ግማሽ ነው። አሁን ሽማግሌው ራሳቸው ቆመው እያሠሩ ነው። ልጁ ሁለት ሳምንት ድንጋይ ሲያቀብል ከርሞ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ስለ መልሶ ግንባታ ውይይት አለ ተብሎ አንድ አዳራሽ ገባ። ስክሪኑ ላይ የሚያማምሩ ሥዕሎች፣ ሣር የበቀለበት ጣራ፣ በሶላር የሚበራ መንገድ። ሻይና ኩኪስ። በዚያው ማታ ንዴቱን ይዞ ጻፈ። ከአደጋና ከጦርነት በኋላ የሚያስፈልገው ግንበኛ፣ አናጺ፣ ቆርቆሮና ሚስማር እንደሆነ፣ አርክቴክት የሚመጣው ግን ፎቶ ለመነሳት እንደሆነ ተናገረ። ከተሳሳተም እንዲታረም ለመነ።

አርሙኝ ማለት እኛ መድረክ ላይ ዱላ ማቀበል ነው። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተከታተለው መልስ፣ አራት ቀን ቆየ፤ መልሶቹን በቁጥራቸው ነው የምጠራቸው። ሁሉንም አላወራም፤ አንዳንዱ መልስ ባዶ ጭብጨባ ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቁጥር 1 ጨዋ ነበረች። አርክቴክቸር ተመርቃ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ስለ ፎቶው የተባለውን አልካደችም፤ እንዲያውም እሷም እንዲህ ያለ አዳራሽ ገብታ እንደምታውቅ፣ ኩኪሱም እንዳልጣማት ጻፈች። ግን አንድ ሰው ልጥራ ብላ ጃፓናዊውን ሺገሩ ባንን አነሣች። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትናወጥ ከ6,000 ሰው በላይ ሞተ። ባን የሄደው ናጋታ ወደሚባል ሰፈር ነው፤ እዚያ ከቬትናም በስደት የመጡ ብዙ ነበሩ። ከከተማው ጫፍ ወዳለው መጠለያ ብንሄድ ከሥራችን እንርቃለን ብለው ፓርክ ውስጥ ሸራ ወጥረው ቀሩ። ባን የቢራ ሳጥኖች አሸዋ ሞልቶ መሠረት አደረጋቸው፤ ግድግዳውን ከወፍራም የወረቀት ቱቦ አቆመው። የሠሩት ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የተቃጠለችውን ቤተ ክርስቲያንም በ58 የወረቀት ቱቦ ተካት። ለጊዜው ተብላ የቆመች ነበረች፤ አሥር ዓመት አገለገለች። በኋላ ተነቅላ ታይዋን ሄደች፤ በ1999 በመሬት መንቀጥቀጥ በተጎዳ መንደር ዛሬም ቆማለች።

ቁጥር 2 አንዲት መስመር ናት። የሐምሌ ዝናብ የካርቶን ቤት ላይ ሲወርድ ማየት እንደሚፈልግ ገለጸ፤ ሦስት የሚስቅ ፊት ጨመረ።

ቁጥር 3 ሳይስቅ አረመው። ቱቦው ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ ይቀባል። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። በ1994 ከሩዋንዳ እልቂት በኋላ ስደተኞቹ ለድንኳን ምሰሶ ደኑን ጨረሱት። ደኑን ለማዳን የአሉሚኒየም ምሰሶ ቢታደላቸው ሸጡት፤ ተመልሰው ዛፍ ቆረጡ። ባን ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ወረቀቱን ያቀረበው ያኔ ነው። ርካሽ ነው፣ ደግሞም የሚገዛው የለም። ይህች ነጥብ እኔን አሳቀችኝ። ቆርቆሮው የተነቀለበት ልጅ ጥያቄ ሥር፣ የማይሰረቅ ቤት መነሳቱ።

ቁጥር 4 መሃንዲስ ነው። ይህን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ታውቀዋለህ። አርክቴክቱ ከአደጋ በኋላ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቁ ራሱ ስህተት እንደሆነ፣ ጨዋታው የሚያልቀው ከአደጋው በፊት እንደሆነ ጻፈ። ማስረጃው ሁለት አገር ናት። በጃንዋሪ 2010 ሄይቲን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 7.0 ነበር፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ዝቅተኛ የሚባለው ግምት እንኳን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቺሊን የመታው 8.8 ነው፤ ጉልበቱ 500 እጥፍ ያህል ይሆናል። የሞተው ግን 500 ሰው አካባቢ ነው። ልዩነቱ ብረቱ፣ ስታፋው (ብረቶቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት)፣ አርማታውና የሕንፃ ሕጉ ነው። ሥዕል እንዳልሆነ አሰመረበት። አባባሉ ያቆስላል፤ ስህተት ግን የለውም። ሄይቲ ድሃ መሆኗን፣ ብዙው ሰው የሞተው በዋና ከተማዋ መጨናነቅ ጭምር መሆኑን ቢጨምርበት ደግሞ ይበልጥ ይሞላ ነበር።

ቁጥር 5 እዚያው ቺሊ ላይ ያዘው። ቤቱ ቆሞ ቢቀርም ውቅያኖሱ መጥቷል። ማውሌ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝባት ኮንስቲቱሲዮን የምትባል ከተማ በማዕበሉ ታጠበች። መንግሥት አርክቴክቱን አሌሃንድሮ አራቬናንና ባልደረቦቹን ጠርቶ በ100 ቀን የከተማዋን እቅድ አውጡ አላቸው። ባሕሩን በግንብ አጥር መከልከልም፣ ዳር ዳሩን ባዶ መተውም ይቻል ነበር። እነሱ የመረጡት በወንዙ ዳር ዛፍ መትከል ነው፤ ማዕበሉ እየተሰባበረ እንዲመጣ፣ በደህናውም ቀን ሕዝቡ መናፈሻ እንዲያገኝ። ሕዝቡን ሰብስበው ሲጠይቁት ከማዕበሉ በፊት የነበረ ቅሬታ ወጣ፤ ወንዙ የሁሉም ሲሆን ሕዝቡ ወደሱ የሚደርስበት መንገድ የለም። ቀጥሎ ወደ ግማሽ ቤት ገባ። ገንዘቡ ለአንድ ጥሩ ቤት ካልበቃ፣ ትንሽ ቤት ከመሥራት የጥሩውን ቤት ግማሽ ሥራ። ያውም ባለቤቱ ለብቻው የማይወጣውን ግማሽ፦ መሠረቱን፣ ምሰሶውን፣ ጣራውን፣ ኩሽናውን፣ መታጠቢያውን። የቀረውን ሰውየው ሲያገኝ ይሞላዋል። ቪያ ቬርዴ በሚባለው ሰፈር ቤቱ 57 ካሬ ሆኖ ተሰጠ፤ ሲሞላ 85 ይሆናል።

ቁጥር 6 የእኔ ነው። አላስቻለኝም። ግማሽ ቤት ለእኛ ብርቅ እንዳልሆነ ጻፍኩ። ሰው ቦታ ሲያገኝ መጀመሪያ ሰርቪሷን ይሠራል። እዚያች ውስጥ ልጅ ይወልዳል፣ ያሳድጋል፤ ዋናው ቤት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ይመጣል ወይ አይመጣም። ኮንዶሚኒየሙም ያው ነው። የ20/80 ዕጣ ወጥቶልኝ ቁልፍ ስረከብ የውስጥ በር የለም፣ ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ ነው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ምንም ያመለክታል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ቺሊዎቹ ባዶውን ቦታ አስበውበታል፤ ባለቤቱ ምን እንደሚጨምር፣ በየት በኩል እንደሚጨምር ተጠብቆለታል። የእኛዋ ሰርቪስ ዋናው ቤት የት እንደሚያርፍ ሳይታሰብ ትቆማለች። የእናቴን ሰርቪስ መስኮት በኋላ የዋናው ቤት ጀርባ ዘጋው። እስካሁን ቀን በመብራት ነው የሚገባባት። አርክቴክት ማለት ለእኔ ያቺን መስኮት አስቀድሞ የሚያይ ሰው ነው።

በዚህ ክሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቁጥር 7 ኮንዶሚኒየም የሚለውን ቃል እንዳየ የሴራሚክ ዋጋ ዘረዘረ፤ ሱቅ አለው። ቁጥር 8 ዋጋው ከመርካቶ እንደሚበልጥ ተከራከረ። ለግማሽ ቀን ስለ ሊሾና ስለ ፓርኬ ሆነ።

ቁጥር 9 ሁላችንንም ገሠጸ፤ ቁጥር 5ንም አብሮ አረመ። ቪያ ቬርዴ በማዕበሉ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ብቻ ታስቦ የተሠራ አይደለም። አራውኮ የሚባለው ትልቅ የደን ኩባንያ ለሠራተኞቹ ቤት ለማስገኘት የጀመረው ሥራ አካል ነው። የከተማዋን እቅድ ወጪ ከሸፈኑትም አንዱ ይኸው ኩባንያ ነው። ስለዚህ አርክቴክቱ ሕዝቡን ጠየቀ ስንል ገንዘቡን ማን ሰጠው ብለን እንድንጠይቅም አስጠነቀቀ። ጨካኝ ነው፤ ግን ያስፈልግ ነበር።

ቁጥር 10 ከትግራይ እንደሆነ ገልጾ ስለ ነጃሺ መስጊድ ጻፈ። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት በፊት የቱርክ ድርጅት አድሶት ነበር። በኅዳር 2020 ጉልላቱና ሚናራው ተመታ። ለቤት የግንበኛ እጅ ይበቃል ቢባል እንኳን ለእንዲህ ያለው ቦታ እንዴት እንደሚሆን ጠየቀ። እንደ ነበረ ይመለስ? እንደ የትኛው ነበረ? ከእድሳቱ በፊት እንደነበረው ወይስ በኋላ? ቁስሉስ ይታይ ወይስ ይሸፈን? አራት ጥያቄ ጠይቆ አንዱንም ሳይመልስ ወጣ። በክሩ ውስጥ ማንም ያልቀለደበት መልስ ይህ ነው።

የመለሰለት ቁጥር 11 ነው፤ በዋርሶ በኩል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የፖላንድን ዋና ከተማ የዋርሶን አሮጌ ክፍል አውድመውት ነበር፤ ከ85 በመቶ በላይ ፈርሷል። ከጦርነቱ በፊትና በጦርነቱ ጊዜ የፖሊቴክኒኩ የአርክቴክቸር መምህራንና ተማሪዎች ሕንፃዎቹን እየለኩ ሥለዋል፤ ሥዕሎቹን ከከተማው አውጥተው ገዳም ውስጥ ደብቀዋል። በ1945 ሲመለሱ ያ ወረቀት ነበራቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤሎቶ የሚባል ሠዓሊ የሣላቸውም የከተማዋ ሥዕሎች አገዙ። በ1980 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። የሱ ነጥብ አጭር ናት፤ ከአደጋ በኋላ የሚጠቅመው አርክቴክት ከአደጋው በፊት ሜትር ይዞ የወጣው ነው። ይህን ሳነብ የኛ ከተሞች አሮጌ ቤቶች ስንቱ ተለክተው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ቁጥር 12 ግን ቡናውን ሳይጨርስ የመጣ ይመስላል። በቁጣ ነው የጻፈው። ያቺ ዋርሶ ከፊት ብቻ እንደ ድሮው መሆኗን፣ ከጀርባ በጊዜው ፖለቲካ መሠረት ሌላ ቤት እንደሆነች፣ ሠዓሊውም አንዳንዱን ሕንፃ እንዳማረው አሳምሮ እንደሣለው ዘረዘረ። ዋናው ቂሙ መሬቱ ላይ ነው። በ1945 በወጣ አዋጅ የከተማዋ መሬት ተወረሰ፤ የቀድሞ ባለቤቶች ክስ ከኮሚዩኒዝም ውድቀት በኋላም ለአሥርት ዓመታት ፍርድ ቤት ተንከራተተ። ካርታ የሌለው ሰው ቤቱ ሲፈርስ ቦታውም አብሮ እንደሚሄድበት ማወቅ የሚፈልግ ፖላንድ ድረስ መሄድ እንደሌለበት ጨመረ። እዚህ ላይ የመድረኩ አስተናጋጅ ገብቶ ስለ መሬት የሚከራከር ሌላ ክር እንዲከፍት ለመነ።

ቁጥር 13ን ከሁሉም አስበልጬ ወደድኩት። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ ኔፓል የሠራ ሰው ነው። አፕሪል 25 ቀን 2015 የመጣው 7.8 መንቀጥቀጥ ወደ 9,000 ሰው ገደለ፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት ጣለ። ለዚያ ሁሉ ቤት አርክቴክት ከየት ይመጣል? መንግሥት ለየቤተሰቡ 300,000 ሩፒ ሰጠ፤ በሦስት ጊዜ፣ 50,000፣ ከዚያ 150,000፣ ከዚያ 100,000። በየመሃሉ ባለሙያ መጥቶ ያያል። መሠረቱ ልክ ካልሆነ ሁለተኛው ገንዘብ አይለቀቅም። ቤቱን ባለቤቱ ያሠራዋል፤ አርክቴክቱና መሃንዲሱ የሚሠሩት ናሙናውን፣ ሥልጠናውንና ቁጥጥሩን ነው። ነውሩንም አልደበቀም። ብዙ ሰው ገንዘቡ እንዳያመልጠው አንድ ክፍል ብቻ ያለው ቤት ሠርቶ አስመረመረ፤ ኑሮውን የቀጠለው ግን በተሰነጠቀው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። አዲሱ ለፍየል ወይም ለእህል ሆነ። ንድፉ ልክ ነው፣ ሕይወቱ አልገባበትም።

ከዚያም ወደ ድንጋዩ ወረደ። የመንደር ድንጋይ ግድግዳ ሁለት ገጽ አለው፤ በውጭ አንድ፣ በውስጥ አንድ፤ መሃሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ሲናወጥ እንደ ዳቦ ለሁለት ይከፈላል። የሚያስተማምነው ከውጭ እስከ ውስጥ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ነው፤ በየጥቂት ርቀቱ አንድ። ከዚያ በወገቡና በራሱ ላይ ቤቱን ዙሪያውን የሚያስር የእንጨት ወይም የአርማታ መቀነት።

ቁጥር 14 ግንበኛ ናቸው፤ ጎንደር። በስልካቸው ለልጃቸው እየነገሩ ያስጻፉ ይመስላል፤ ጽሑፉ አራት ነጥብ የሚባል የለውም። ያንን ረጅም ድንጋይ ኔፓል ሳይሄዱ ሙያውን ካስተማሯቸው ግንበኛ እንደተማሩት ነገሩን። ችግሩ እውቀት ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ መሆኑንም አስረዱ። ረጅም ድንጋይ መርጦ፣ ጠርቦ ለማምጣት ቀን ያልፋል፤ አሠሪው ደግሞ በሜትር ነው የሚከፍለው። እንግዲህ ማን ለማይታይ ድንጋይ ቀኑን ይሰጣል? አርክቴክት በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ሁለት ጊዜ ብቻ አይተዋል። አንደኛው ጫማው እንዳይበላሽ ከመኪናው አልወረደም። ሁለተኛዋ ግን አብራቸው ጭቃ ረግጣለች፤ ስሟንም እስካሁን ያስታውሳሉ።

ቁጥር 15 መሃንዲሱ ነው፤ ደስ ብሎት ተመለሰ። ኒው ኦርሊንስን ይዞ ነው የመጣው። በ2005 ከካትሪና ማዕበል በኋላ ተዋናዩ ብራድ ፒት ስመ ጥር አርክቴክቶችን ሰብስቦ በጣም በተጎዳው ሰፈር 109 ቤት አሠራ። ዝናብ በማይጠፋበት ከተማ አንዳንዶቹ ጠፍጣፋ ጣራ ነበራቸው። እንጨቱ በሰበሰ፣ ጣራው አፈሰሰ፣ ነዋሪዎቹ ከሰሱ። መሃንዲሱ የተጋበዙትን ስም ዝርዝር አይቶ አንዱን ለቁጥር 1 በስጦታ ላከላት፤ ሺገሩ ባን።

ቁጥር 16 ቁጥር 1 ናት፤ ጨዋነቷ አልቋል። ጣራ ሲሠራ መሃንዲስም እጁ እንዳለበት አስታወሰችው። ቀጥላ አንድ ነገር ለየች፤ ለእኔ የክሩ ወገብ እሱ ነው። ባን ኮቤ የተሳካለት ከሰዎቹ ጋር ፓርኩ ውስጥ ስለቆመ ነው፤ ኒው ኦርሊንስ ያልተሳካው ንድፉ ከሩቅ በፖስታ ስለመጣ ነው። ያው ሰው፣ ያው እጅ። መሃንዲሱ ለዚህ መልስ አልሰጠም። አንድ አውራ ጣት ብቻ ላከ፤ ከሱ ይህ ብዙ ነው።

ቁጥር 17 ከአዋሽ አካባቢ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ምድሩ ሲንቀጠቀጥ ግድግዳው ከበሩ ራስ ወደ ጣራው በሰያፍ ተሰንጥቋል። በጂፕሰም ልሸፍነው ወይ ብሎ ጠየቀ። መሃንዲሱ ሰከንድ አልፈጀበትም፤ እንዳትነካው፣ ዳርና ዳሩን በእርሳስ ምልክት አድርገህ ቀን ጻፍበት፣ ከሰፋ ውጣ፣ ባለሙያም አስመልክት የሚል ነው መልሱ። ሰውየውን ለመውደድ የበቃሁት እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 19 ጠያቂው ልጅ ተመለሰ። ሁሉንም እንዳነበበ፣ ግማሹን ለአባቱ በስልክ እንደነገራቸው ጻፈ። አባቱ ፕላኑን ያወጡት በበትር መሬት ላይ ጭረው ነው። እናቱ ግን አንድ ጭረት አልወደዱም። ማድቤቱ ወደ ነፋሱ ነው፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ድሮም ሠላሳ ዓመት ዓይናቸውን ሲያሻሹ ኖረዋል። ይህን ደግሞ ማንም እንዳልጠየቃቸው፣ እሱም ራሱ እንዳልጠየቃቸው አመነ።

ቁጥር 20 ከቨርጂኒያ የምትጽፍ እህት ናት። ያስሚን ላሪን ነገረችው። የፓኪስታን የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት ናት፤ በመስታወትና በአርማታ ትልልቅ ሕንፃ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታ ነበር። የ2005ቱ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ጭቃ፣ ኖራና ቀርከሃ ነው። ሴቶቹን የምታሠለጥንበት አንዱ ነገር ምድጃ ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ጭሱ በጭስ ማውጫ የሚወጣ። በ2023 የእንግሊዝ አርክቴክቶች ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። ልጁ የምድጃውን ሥዕል ለእናቱ ላከ።

ቁጥር 21 ጎንደሬው ግንበኛ ፎቶ ጠየቁ። ልጁ ለጠፈ። እኔ ያየሁት ድንጋይና ባህር ዛፍ ነው። ጋሼ ግን ሁለት ነገር አዩ። ከእሳቱ የተረፈው የጎን ግድግዳ ድንጋዩ በሙቀት ስለተፈረካከሰ መፍረስ አለበት። የበሩ መቃን ደግሞ ከማዕዘኑ ሁለት ስንዝር ብቻ ነው የራቀው፤ ማዕዘን የቤት ጉልበት ስለሆነ ቢያንስ አንድ ክንድ ተኩል ይራቅ፣ በሩ ወደ መሃል ይሂድ።

ሽማግሌው እምቢ አሉ። ልጁ ምክንያታቸውን በቁጥር 22 አደረሰን። በሩ ድሮ የነበረው እዚያው ነው። ከአልጋቸው ሆነው የግቢውን በርና የበጎቹን ጉረኖ የሚያዩት በዚያ በኩል ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ሌሊት ተነሥተው መውጣት አይፈልጉም።

ቁጥር 23 ቁጥር 1 ናት። በሩን ተዉት አለች። የጎኑ ግድግዳ መፍረሱ ካልቀረ አዲሱን አንድ ክንድ ወደ ውጭ አውጥታችሁ ሥሩት፤ በሩ ሳይነቃነቅ ማዕዘኑ ይርቃል። በተረፈችው ቦታ የማድቤቱን አፍ ከነፋሱ ታዞራላችሁ። ወጪው የመሠረት ድንጋይና ሁለት ቆርቆሮ ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ልኩ እሱ ነው አሉ፤ መሠረቱ ከአሮጌው ጋር እንዲያያዝ ብቻ አደራ አሉ።

ቁጥር 24 ልጁ ነው። አባቱ ተስማምተዋል። ግን ሁለቱን ቆርቆሮ ማን እንደሚገዛ ጠይቀዋል።

ቁጥር 25 ያ የሴራሚክ ሱቅ ባለቤት ነው። ቆርቆሮም አለኝ አለ።